«ያጽናችሁ» ብሎ መሄድ አይበቃም

ልቅሶ ቤት ተቀምጦ የቆየ ሰው ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ከልማድ ብዛት ትርጉሙን ማንም አያስበውም። ቃሉ ግን ከባድ ነው። ኀዘኑ ይጥፋላችሁ አይልም። ኀዘኑ እንዳለ ሆኖ በእግራችሁ ቁሙ ነው የሚለው። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ለብዙ ሰው ነው የሚነገረው፤ ባሏን ያጣችውን ሴት ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ፣ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን ያጽና ይላል። የአገሬው ሰው ጽናትን የአንድ ሰው ልብ ጥንካሬ አድርጎ አያየውም ማለት ነው። ጽናት አብረው የሚሸከሙት ነገር ነው።

ባለፉት ዓመታት ይህ ቃል በምዕራብ ጎጃም ብዙ ተብሏል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የፍልሰታ ጾም ሰባተኛው ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእመቤታችን የጽንሰቷ መታሰቢያ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ገና 9 ቀኑ ነበር። በዚያ እሑድ ፍኖተ ሰላም ከተማ መሐሏ ላይ ከአየር ተመታች። ሮይተርስ አንድ የሆስፒታል ኃላፊን ጠቅሶ 26 ሰዎች መሞታቸውን ዘገበ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በማግስቱ ባወጣው መግለጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በሲቪሎች ላይ ጉዳት ያደረሱ ጥቃቶች ስለመፈጸማቸው ተዓማኒ መረጃ እንደደረሰው ገለጸ። ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» የሆነው ከተማ ከዚያ ወዲህ ሰላምም መንገድም በየጊዜው ሲጠፋባት ኖራለች።

ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አሰላለፉ፣ ስለ ድርድሩ፣ ስለ ጥፋተኛው። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ዜና የማይሆን ሌላ ነገር አለ። ሕይወት ሳይታሰብ አቅጣጫዋን ስትቀይር ሰው በምን ይቆማል? በጃቢ ጠህናን፣ በደምበጫ፣ በቡሬ ዙሪያ ያለው ገበሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ በሃይማኖቱ። ይህ መልስ እውነት ነው። ሙሉ እውነት የሚሆነው ግን ሃይማኖቱ እንዴት አድርጎ እንደሚያቆም ሲታወቅና የማያቆምበት ቦታም ሳይደበቅ ሲነገር ነው።

ለውጡ ምን ይመስላል?

«የሕይወት ለውጥ» ሲባል ከተሜው ሥራ መቀየርን፣ ትዳርን፣ ወደ ውጭ መሄድን ያስባል። በገጠር ጎጃም የለውጡ መልክ ሌላ ነው። አባወራው የሞተበት ቤት በሬው አለ፣ መሬቱም አለ፤ የሚያርሰው ግን የለም። ሴት ሞፈር አትጨብጥም በሚባልበት አገር እናት ማሳዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። በዚያው ዓመት የቤቱ እህል በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ኀዘን ብቻ አይደለም፤ የኑሮ ደረጃ መውረድም ነው። ከባለ ሙሉ ጎተራነት ወደ ጠባቂነት መውረድ ነው።

በርበሬና በቆሎ ይዞ ቡሬ ገበያ ይወጣ የነበረው ነጋዴ መንገድ ሲዘጋ ዕቃው ቤት ይቀራል። በየወሩ ደመወዙን ይጠብቅ የነበረው መምህር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከነቤተሰቡ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይጠጋል። ትናንት አስተማሪ፣ ዛሬ የሰው ቤት እንግዳ። ስምንተኛ ክፍል ልትፈተን የነበረች ልጅ አንድ ዓመት፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ቤት ትቀመጣለች። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በገጠር የሚኖሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ያሰቡት ሕይወት ከእጃቸው ወጥቶ ሌላ ሕይወት ያለ ፈቃዳቸው የተጀመረባቸው ልጆች ናቸው።

ሃይማኖቱ የሚሰጠው ቀን ነው

ሰዎች ሃይማኖት የሚያጽናናው በቃል ይመስላቸዋል፤ በስብከት፣ በጥቅስ፣ በመዝሙር። ቃሉ ይረዳል። የጎጃምን ልቅሶ ያየ ሰው ግን ከቃሉ ይልቅ የቀኑ ቆጠራ እንደሚያጸና ያውቃል።

ሰው ሲሞት ፍትሐት በዕለቱ ብቻ አይቆምም። በ3ኛው ቀን አለ፤ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን አለ፤ በስድስት ወር፣ በሙት ዓመት አለ። ይህ ሥርዓት ለሟች ነፍስ የሚደረግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውም ይህንኑ ነው። ለቋሚው የሚያደርገው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ሐዘንተኛው በመጀመሪያው ሳምንት እንዲበረታ የሚጠብቅበት የለም። ሰው በሚበተንበት፣ ድንኳኑ በሚነሣበት፣ ቤቱ ጭር በሚልበት ጊዜ ቄሱና ጎረቤቱ ተመልሰው የሚመጡበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጧል። 40ው ሲደርስ በሩ ይንኳኳል። 80ው ሲደርስ እንደገና ይንኳኳል። በኀዘን ውስጥ ያለ ሰው ነገን ማሰብ ያቅተዋል፤ ሥርዓቱ ነገን አስቦለት ይጠብቀዋል።

መርዶም እንዲሁ ነው። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ተሰባስበው በማለዳ ይሄዳሉ። ሰውየው ወሬውን ሲሰማ የሚይዙት እጆች አጠገቡ እንዲኖሩ ነው። ይህን ያቀነባበረው የሥነ ልቡና ባለሙያ አይደለም፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ኖሮበት ያገኘው ጥበብ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ይደግፋል። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገብቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልሰበከውም። ተኝቶ ሳለ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ እንደገና ሲተኛ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ አለ። በልቅሶ ቤት ንፍሮ የምታዞር ሴት፣ እንጀራ በመሶብ ተሸክማ የምትመጣ ጎረቤት፣ ድንኳን የሚተክል የእድር ሰው የመልአኩን ሥራ ነው የሚሠሩት። በቡሬና በፍኖተ ሰላም እድሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤትን አብሮ የሚይዝበት ሰፈር መኖሩም ለዚህ ነው፤ እንጀራው ሃይማኖት አይጠይቅም።

ጦርነቱ የሰበረው ይህንን ነው

የግጭቱን ጉዳት በሞተው ሰው ቁጥር ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን አላየም። ጦርነቱ ሰው መግደሉ ሳያንስ ሰው የሚጸናበትን ሥርዓትም ሰብሯል። ስብሰባ ሲከለከል ልቅሶም ስብሰባ ነው። የሰዓት እላፊ ሲታወጅ በማለዳ የሚሄደው መርዶ ነጋሪ መንገድ ያጣል። ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ስልክም አንዳንዴ ሲጠፋ የአዲስ አበባው ልጅ የአባቱን ሞት የሚሰማው አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው። መንገድ ሲዘጋ 40ው ቀን ይመጣል፤ እንግዳው ግን አይመጣም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደብዛው የጠፋው ሰው ቤተሰብ ነው። ሞቷል እንዳይሉ ሬሳ የለም፤ አለ እንዳይሉ ድምፅ የለም። ሞቱ የታወቀ ሰው ሬሳው ባይገኝ እንኳ ልብሱንና ፎቶውን ይዞ ማልቀስ የቆየ ልማድ ነው። ሞቱ ላልታወቀ ሰው ግን የሚቆጠር ቀን የለም። እናት ተዝካሩን ብታወጣ ልጇን በእጇ የቀበረች ይመስላታል፤ ባታወጣ ደግሞ ነፍሱን የረሳች ይመስላታል። በየደብሩ ያሉ ካህናት ከዚህ የበለጠ አጣዳፊ የእረኝነት ሥራ የላቸውም። በቅዳሴ ውስጥ ለሕሙማን፣ ለመንገደኞች፣ ለዝናም የሚጸለይ ጸሎት አለ። የጠፉትን በስም እየጠሩ መጸለይ፣ ቤተሰባቸውን በወር አንድ ቀን ሰብስቦ አብሮ መቀመጥ አዲስ ሥርዓት መሥራት አይሆንም። ያለውን ሥርዓት ወደ ቁስሉ ማቅረብ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ሃይማኖት ኃይል የሚሆነውን ያህል በክፉ እጅ ሲገባ ሸክምም ይሆናል።

ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ባጣ ጊዜ ሦስት ወዳጆቹ መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። የጠፉት አፋቸውን ከፍተው መከራው ለምን እንደመጣበት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ኃጢአት ሠርተህ ነው አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ አልነበረም፤ በእነርሱ ላይ ነበር።

ዛሬ በየዩቲዩቡና በየቴሌግራሙ የኢዮብ ወዳጆች ሞልተዋል። ጦርነቱ የሕዝቡ ኃጢአት ዋጋ ነው የሚል አለ። ሞቱን ትንቢት ነበር እያለ የሚቆጥር አለ። ሌላው ደግሞ የራሱን ወገን ጦር የእግዚአብሔር ሠራዊት አድርጎ ይሾማል። ከአየር በወረደ ፈንጂ ልጇን ያጣች እናት ፊት ቆሞ «የኃጢአታችን ውጤት ነው» የሚል ሰው በአንድ አፍ ሁለት በደል ይሠራል፦ በሟቹ ላይ ይፈርዳል፤ ገዳዩን ደግሞ ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣል። ንስሐ ትልቅ ነገር ነው። ንስሐ ግን ሰው ስለ ራሱ የሚገባው ነው፤ በሌላው ሬሳ ላይ ቆሞ የሚሰበክ አይደለም።

«እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃልም ሁለት መልክ አለው። የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ የቀረውን ለፈጣሪ የሚተው ሰው አፍ ላይ ዕረፍት ነው። ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ የሚሸሽ ሰው አፍ ላይ ደግሞ በር መዝጊያ ነው። ባለሥልጣን «ሕዝባችን ጽኑ ነው» ሲል፣ መሪ ነኝ ባይ ታጣቂ «ሕዝባችን መከራ ቻይ ነው» ሲል የሚያሞግሱት የሕዝቡን እምነት ይመስላል። በተግባር ግን የሕዝቡን ትዕግሥት እንደ ነዳጅ እየቆጠሩት ነው። የገበሬው ጽናት ለማንም ሁለተኛ ዓመት ጦርነት፣ ሦስተኛ ዓመት ጦርነት ፈቃድ አይሆንም።

ሃይማኖት ሰውን ያፈዝዛል፣ በደልን እንዲቀበል ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ያላቸው እውነት በዚህ ላይ ነው። ያልተረዱት ግን ይህ ነው፤ ሃይማኖቱ ባይኖር ኖሮ ያ ገበሬ የበለጠ ነቅቶ አይገኝም ነበር። የበለጠ ብቻውን ነበር የሚሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመንግሥት መዋቅር ወደ ብዙ ቀበሌ መድረስ ሲያቅተው ሳያቋርጥ የሰውን ቤት ያንኳኳው የንስሐ አባቱና የእድሩ ዳኛ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ልታየው የሚገባት

ሥርዓቱ የሚያጸና እንዲሆን ግን መስተካከል የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ሦስቱ አጣዳፊ ናቸው።

አንደኛው የተዝካር ወጪ ነው። አባወራ የሞተበት ቤት በሬ ሸጦ ተዝካር ካወጣ በክረምቱ የሚያርስበት የለውም። ጸሎቱ የግድ ነው፤ ድግሱ ግን የግድ አይደለም። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎትና ምጽዋት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ይህን የሚያውቅ ካህን ለመበለቲቱ ቀድሞ ሄዶ «በሬሽን አትሽጪ» ማለት አለበት። እርሷ ራሷ አፍ አውጥታ ልትለው አትችልም፤ «ባሏን በረሃብ ሸኘችው» እንዳትባል ትፈራለች። ከዚህ ፍርሃት ሊያወጣት የሚችለው የንስሐ አባቷ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የልጃገረዶች ጋብቻ ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋባት ልጅ አባቷ ዓይን ውስጥ ሥራ ፈት ትመስላለች፤ ዘመኑም ክፉ ነውና «በወጉ ትዳር» ይላል። የክልሉም ሆነ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ወረዳው ሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ ይህን ሕግ ማን ያስከብረው? የገጠር ሠርግ ያለ ካህን ቡራኬ አይደምቅም። በየቀበሌው ያለ ቄስ የክርስትና ልጆቹን ዕድሜ ያውቃል፤ ብዙዎቹን በ80 ቀናቸው ያጠመቃቸው እርሱ ነውና። «ይህች ልጅ አልደረሰችም፣ አልባርክም» ቢል ከየትኛውም የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ በላይ ይሰማል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ትመለስ ዘንድ የልጅነት ጊዜዋን የሚጠብቅላት እርሱ ነው።

ሦስተኛው የአእምሮ ቁስል ነው። ሌሊት የሚያቃዠው፣ ድምፅ ሲሰማ የሚበረግገው፣ ከሰው የሚሸሸው ወጣት ጸበል ይወሰዳል። መልካም ነው፤ ጸበሉ እምነቱ ነው፣ ቦታውም ሰላም ይሰጠዋል። ጸበልና ሐኪም ግን የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። የጸበል ቦታ አስተዳዳሪ ለአንድ ሕመምተኛ «መድኃኒትህንም ውሰድ» ሲለው እምነቱን አይቀንስበትም። ዕድሜውን ይጨምርለታል።

ከዓባይ የተመለሱ መጻሕፍት

ጎጃም ስለ ለውጥና ስለ እምነት ስታስብ ወደ ውጭ ማየት አያስፈልጋትም። በሰከላ፣ በዓባይ ምንጭ በግሽ ዓባይ የሚነገረው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ታሪክ ይበቃል። ጻድቁ ተይዘው ሊወሰዱ ሲሉ መጻሕፍቶቻቸውን ለዓባይ ውሃ አደራ ሰጡ ይላል ትውፊቱ። እስራቱ ካበቃ በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ውሃው መጻሕፍቱን ሳያረጥብ መለሰላቸው። ምእመናን ጥር 13 ቀን መታሰቢያቸውን ሲያከብሩ ይህን ይተርካሉ።

ታሪኩን እንደ ተአምር ብቻ የሚሰማው አለ። ለዛሬው ጎጃም ግን የሚናገረው ሌላም ነገር አለው። ክፉ ቀን ሲመጣ ጻድቁ በመጀመሪያ ያሰቡት መጽሐፉ እንዳይጠፋ ነው። ተመልሼ አነበዋለሁ ብለው ነው የሄዱት። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም የልጆች ደብተር ውሃ ውስጥ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ያ ደብተር ሳይርስ እንዲመለስ አደራ ተቀባይ ያስፈልጋል።

አደራ ተቀባዩ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሩቅ አይደለም። ይህ አገር የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ ቁራሽ ለምኖ በዛፍ ጥላ ሥር የሚማር ተማሪ ትምህርት ያለ ሕንፃና ያለ በጀት እንደሚቻል ለዘመናት አሳይቷል። ደጀ ሰላም ዙሪያ፣ ከሰንበት ትምህርት በኋላ፣ ሥራ ያጣው መምህር የሰፈሩን ልጆች ፊደልና ስሌት ቢያስቀጥላቸው የመንግሥትን ትምህርት ቤት አይተካም፤ ልጁ ግን ተማሪ መሆኑን አይረሳም። ለዚህ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ማንኛውም ታጣቂ፣ የመንግሥትም ይሁን የፋኖ፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እጁን ማንሣት አለበት። መጽሐፉን የሚጠብቀው ውሃ ራሱ ከተመረዘ አደራ የለም።

ሩቅ ላለው ሰው

ይህን የሚያነብ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ነው። አገር ቤት ዘመድ ሲሞት ገንዘብ ይልካል፣ በፌስቡክ ሻማ ያበራል፣ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል። ክፋት የለውም። ሥርዓቱ የሚያስተምረው ግን ቀን መቁጠርን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም የሚደውልበት ሳምንት ነው። በ40ኛው ቀን፣ በስድስተኛው ወር፣ በመጀመሪያው ያለ አባት በሚውል ፋሲካ የሚደውል ጥቂት ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን ያን ቀን ቆጥሮ መደወል፣ ለተዝካር ድግስ የታሰበውን ገንዘብ ለዘርና ለማዳበሪያ እንዲውል መላክ፣ ተፈናቅሎ የመጣውን ዘመድ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ማስቀመጥ፤ በክርስትና ስም የሚደረግ ጽናት መስጠት ይህ ነው።

መንግሥትም ታጣቂውም ይህን ሕዝብ በእምነቱ ሲያመሰግኑት ሕዝቡ ከምስጋና ይልቅ የሚሻው ነገር እንዳለ ማወቅ አለባቸው። መንገዱ ይከፈት፣ ሟቹ በወጉ ይቀበር፣ የጠፋው የት እንዳለ ይነገር፣ የገደለው ይጠየቅ። እምነት ሰውን በመከራ ውስጥ ያቆመዋል፤ መከራውን ማስቆም ግን የሰዎች ሥራ ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ጸሎት ነው። ጸሎቱን ያደረሰ ሰው ከድንኳኑ ወጥቶ ሲሄድ ጸሎቱ የሚፈጸምበትን እጅ ይዞ መሄድ የለበትም። ነገ፣ በሰባተኛው ቀን፣ በአርባኛው ቀን ያ እጅ እንደገና በሩን ማንኳኳት አለበት።